መኪናዋን ለማንሳት ሺህ ዶላር አያስፈልግም



ከመካከላችን በስደት የቆየው ሰው ያስታውሰዋል። አሜሪካ እንደገባን ወደ አገር ቤት ከምንልካቸው የመጀመሪያ ፎቶግራፎች አንዱ መኪና ተደግፈን የተነሳነው ነበር። መኪናይቱ የጎረቤት ትሁን፣ የአሠሪያችን ትሁን፣ ወይም መንገድ ዳር ቆማ ያገኘናት ትሁን፣ ግድ አልነበረንም። እጃችንን ኮፈኑ ላይ ጣል፣ ፈገግ፣ ከዚያ በፖስታ መስደድ ነው። እናት ፎቶውን ለጎረቤት እያሳየች ትደሰታለች። አባት ግን መነጽሩን አድርጎ አገላብጦ ያየውና በሚቀጥለው ደብዳቤ «ለመሆኑ መኪናዋ ያንተ ናት?» ብሎ ይጠይቃል። ስንቶቻችን ነን ለዚያች ጥያቄ መልስ ሳንሰጥ የቀረነው!

ዛሬ መኪናዋ የራሳችን ሆናለች፤ ዕዳውን ገና እየከፈልን ቢሆንም እንኳ። በዴንቨርና በኦሮራ ደግሞ መኪና ለብዙዎቻችን ጌጥ ሳትሆን እንጀራ ናት። ከልዩ ልዩ የአፍሪካ አገሮች የመጡ ሾፌሮች፣ ኢትዮጵያውያንም ጭምር፣ ተሰባስበው ዩኒየን ታክሲ የተባለውን የኅብረት ሥራ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2009 ሥራ ያስጀመሩት ይህንኑ እንጀራ በራሳቸው እጅ ለማድረግ ነበር። የመኪናዋ ፎቶግራፍም እንደዚሁ ቁም ነገር ሆኗል። መኪናችንን ስንሸጥ ገዢው አስቀድሞ የሚያየው በኢንተርኔት ላይ ያወጣነውን ፎቶ ነው። የበረዶ ጠጠር ሲደበድባት ኢንሹራንሱ «ፎቶ ላክ» ይላል። ስለዚህም ይመስላል፣ በቤተ ክርስቲያን ደጅም፣ ሃቫና ጎዳና ላይ ቡና ስንጠጣም፣ «ካሜራ ገዝቻለሁ፤ መኪና ለማንሳት የትኛው ሌንስ ይሻለኛል?» የሚለው ጥያቄ የሚደጋገመው። ጠያቂው አብዛኛውን ጊዜ ሺህ ዶላር ለማውጣት ቆርጦ የመጣ ነው። እኔ ደግሞ የምመክረው እጁን ወደ ኪሱ ከመስደዱ በፊት እግሩን እንዲያንቀሳቅስ ነው።

ሃያ እርምጃ ወደ ኋላ

ጀማሪው ከካሜራው ጋር የሚያገኘው ሌንስ ብዙውን ጊዜ ከ18 እስከ 55 ሚሊ ሜትር የሚለዋወጠው ነው። ይህ ሌንስ መጥፎ አይደለም። ጥፋቱ ያለው አጠቃቀማችን ላይ ነው። መኪናዋ አጠገብ እንቆምና «ሙሉዋ አልገባችም» ስንል ሌንሱን ወደ 18 እንመልሰዋለን። እርግጥ ነው ሙሉዋ ትገባለች፤ ነገር ግን አፍንጫዋ እንደ ጉማሬ ያብጣል፣ የኋላ ጎማዋ ይኮሰምናል። ይህን ያመጣው የሌንሱ ርካሽነት አይደለም፤ የእኛ ቅርበት ነው። ለሌንሱ የቀረበው ክፍል ከራቀው ይልቅ ይገዝፋልና።

መፍትሔው በነጻ ይገኛል። ሌንሱን ወደ 50 አድርጉትና ወደ ኋላ ሂዱ። 4.8 ሜትር የምትረዝም መኪና ከጎኗ ስትነሳ፣ ግራና ቀኝ ትንሽ ክፍት ቦታ ተትቶላት እንድትገባ ከተፈለገ፣ በአብዛኞቹ የጀማሪ ካሜራዎች 13 ወይም 14 ሜትር ያህል መራቅ ያስፈልጋል። በእርምጃ ሲቆጠር ወደ ሃያ ይጠጋል። በ18 ሚሊ ሜትር ግን የቆምነው 5 ሜትር ላይ ነበር። በሃያ እርምጃ ርቀት ላይ በሯም፣ ቸርኬዋም፣ ፓራፋንጎዋም ሠሪው እንዳበጃቸው ሆነው ይታያሉ።

በስልክ የሚያነሳም ሰው ይህንኑ ያድርግ። የስልክ ዋናው ሌንስ ሰፊ ስለሆነ ቀርበን ስናነሳ ያዛባል። ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ የሚያቀርብ ሁለተኛ ሌንስ ካለው እሱን መርጦ መራቅ ነው። ሌላው ነገር ቁመት ነው። ቆመን ቁልቁል ያነሳናት መኪና ድንክ ትመስላለች። በርከክ ብለን ካሜራውን ከፊት መብራቷ ትክክል ስናደርገው ግን ግርማ ታገኛለች። ሱሪያችን ይቆሽሽ ይሆናል፤ ሳሙና ከሌንስ ይረክሳል።

ፀሐይዋና ተራራው

ዴንቨር ከባሕር ወለል በላይ 1,609 ሜትር ላይ ያለች ከተማ ናት። ከ2,300 ሜትር በላይ ከምትገኘው ከአዲስ አበባ ለመጣ ሰው እንደ ቆላ ብትቆጠርም፣ አየሯ ደረቅ፣ ሰማይዋም ጥርት ያለ በመሆኑ የቀትር ፀሐይዋ ምሕረት የላትም። ቀትር ላይ የተነሳች መኪና ጣራዋ ነጭ እሳት፣ ጎኗ ጥቁር ጥላ ይሆናል። ይህን ሁለት ሺህ ዶላር የወጣበት ሌንስም አያድነውም። ፀሐይ ከወጣች በኋላ ባለው አንድ ሰዓትና ከመጥለቋ በፊት ባለው አንድ ሰዓት ውስጥ ማንሳት ግን ርካሹን ሌንስ ያስከብረዋል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ተራሮቹ ያሉት በምዕራብ በኩል ነው። ከሥራ የሚወጣው ማታ ስለሆነ፣ መኪናውን ከተራሮቹ ጋር ለማንሳት የሚፈልግ ሰው ወደ ቼሪ ክሪክ ፓርክ (መግቢያው በክፍያ ነው) ወይም ወደ ሌላ ገላጣ ቦታ የሚሄደው ጀምበር ስታዘቀዝቅ ነው። ያን ጊዜ ፀሐይዋ የምትገባው ከተራሮቹ ጀርባ ስለሆነ ካሜራው ፊት ለፊት ብርሃን ይገጥመዋል፤ መኪናዋም ጥላ ብቻ ትሆናለች። ተራራውም መኪናዋም በርተው እንዲታዩለት የሚፈልግ ሰው መሄድ ያለበት በማለዳ ነው። ፀሐይ በምሥራቅ፣ ከጀርባው ሆና፣ ሁለቱንም ታበራለታለች። ማታ ብቻ የሚመቸው ደግሞ ፀሐይዋ እስክትገባ ይታገሥ። ከገባች በኋላ ሰማዩ ገና ብርሃን ሳለ ያሉት ደቂቃዎች ለመኪና ቀለም ተስማሚ ናቸው፤ ላሜራው እንደ ሐር ይለሰልሳል። ብርሃኑ ስለሚቀንስ ግን ካሜራውን ሦስት እግር ባለው ማቆሚያ ላይ ማሳረፍ ያሻል።

እስከ 2023 ድረስ ማውንት ኤቫንስ ይባል የነበረውና ዛሬ ማውንት ብሉ ስካይ የሚባለው ተራራ 4,350 ሜትር ገደማ ከፍታ አለው። ሆኖም ከኦሮራ ሆነን መኪናዋ አጠገብ ቆመን በ18 ሚሊ ሜትር ስናነሳው ጉብታ ያክላል። ከመኪናዋ ብዙ ርቀን በ200 ሚሊ ሜትር ስናነሳው ግን ከጀርባዋ ተነስቶ እንደ ግድግዳ ይቆማል። ተራራው አልተንቀሳቀሰም፤ የተንቀሳቀስነው እኛ ነን።

ገንዘብ የሚወጣው የት ላይ ነው?

ይህን ሁሉ አድርጎ አሁንም ሌንስ መግዛት የሚፈልግ ሰው ከ50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ይጀምር። «ኤፍ 1.8» ማለት የሌንሱ ቀዳዳ በጣም ይሰፋል ማለት ነው፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ቀዳዳው ይሰፋል፣ ብዙ ብርሃን ይገባል፣ ከመኪናዋ ኋላ ያለው ዝርክርክም ይደበዝዛል። ካኖን በ2015 ያወጣው የዚህ ዓይነት ሌንስ ዋጋው ሲወጣ 130 ዶላር ገደማ ነበር። መስታወት ለሌላቸው አዲሶቹ ካሜራዎቹ በ2020 ያወጣው ደግሞ 200 ዶላር ገደማ። ለኒኮን የጀማሪ ካሜራዎች በ2009 የወጣው 35 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8ም እንዲሁ 200 ዶላር አካባቢ ነበር፤ ጠባብ ግቢ ውስጥ ሃያ እርምጃ መራቅ ለማይችል ሰው ይበጃል። ተራራውን ለማቅረብ ለሚፈልግ 55–250 ወይም 70–300 የሚባሉት ሌንሶች ያገለገሉ ሲሆኑ በርካሽ ይገኛሉ። መኪናዋ ቆማ ስለምትጠብቀን፣ ውድ የሆኑት ሌንሶች ያላቸው ፍጥነት ብዙም አይፈይደንም።

ከሌንስም በፊት ግን የፖላራይዘር ማጣሪያ ግዙ። በሌንሱ አፍ ላይ ተጠምዞ የሚገባ መስታወት ነው። እየዞረ ሲስተካከል ከፊት መስታወቱና ከቀለሙ ላይ የሚያንጸባርቀውን ነጸብራቅ ይቀንሳል፤ የመኪናዋ ውስጥ ይታያል፣ ቀለሟም ይደምቃል። ስትገዙ በሌንሳችሁ ጠርዝ ላይ የተጻፈውን የስፋት ቁጥር ማየት አትርሱ፤ ቁጥሩ ካልገጠመ አይገባም።

ያገለገለ ሌንስ ስትገዙ ሦስት ነገር አድርጉ። በእጅ ባትሪ ውስጡን አብርታችሁ እንደ ሸረሪት ድር ያለ ሻጋታ መኖሩን ተመልከቱ። በራሱ አጥርቶ ማየቱን በገዛ ካሜራችሁ ላይ ሞክሩ። የመመለሻ ጊዜ ከሚሰጥ ነጋዴም ግዙ። አንድ ወዳጄ ዲ3000 እየተባለ ከሚጠራው ተከታታይ ለሆነ የኒኮን ካሜራው የቆየ 50 ሚሊ ሜትር በርካሽ አግኝቶ እየተደሰተ መጣ። ሌንሱ ደኅና ነበር፤ ግን ሞተር የለውም። የዲ3000ና የዲ5000 ተከታታይ ካሜራዎችም ሌንስ የሚያዞር ሞተር በውስጣቸው የላቸውም። ስለዚህ እያንዳንዱን ፎቶ በእጁ እያዞረ ማጥራት ግድ ሆነበት። ለኒኮን ስትገዙ «ኤኤፍ-ኤስ» ወይም «ኤኤፍ-ፒ» የሚል ጽሑፍ ፈልጉ፤ ለካሜራችሁ ሞዴል መስማማቱንም ጠይቁ።

በረዶው ሲወርድ

እ.ኤ.አ. ሜይ 8 ቀን 2017 በዴንቨር አካባቢ የወረደውን የበረዶ ጠጠር የረሳ ያለ አይመስለኝም። ኢንሹራንሶች የሸፈኑት ጉዳት 2.3 ቢሊዮን ዶላር ያህል ተገምቶ፣ እስከዚያን ጊዜ በኮሎራዶ ከወረደው ሁሉ የከፋው ተብሎ ነበር። በዚያ ሰሞን አንድ ታክሲ ነጂ ወንድማችን ነጭ መኪናው ተቀጥቅጣ ቀረችና በቀትር፣ ቆሞ፣ ቁልቁል አስር ያህል ፎቶ አንስቶ ላከ። የመጣለት ግምት ከኪሱ ብዙ እንዲጨምር የሚያስገድድ ነበር። ፎቶዎቹን ሳያቸው አልገረመኝም። ነጭ ላሜራ በቀትር ፀሐይ ጉድጓዱን ይውጣል። መኪናዋ አዲስ ትመስል ነበር!

ማታ ፀሐይ አግድም ስትመጣ እንደገና አነሳናት። ጉድጓዶቹ እያንዳንዳቸው ጥላ ጣሉ። ጥላ ያልጣሉትን ደግሞ ጋራዥ ውስጥ ረጅም የፍሎረሰንት መብራት ኮፈኑ ላይ እንዲንጸባረቅ አድርገን አገኘናቸው፤ ቀጥ ያለው የመብራት መስመር በተጣመመበት ሁሉ ጉድጓድ አለ። እዚህ ላይ ፖላራይዘሩን ማውለቅ ነው፤ የምንፈልገው ነጸብራቁን ራሱን ነውና። መጀመሪያ ታርጋዋንና የኪሎ ሜትር መቁጠሪያዋን፣ ቀጥሎ መኪናዋን ከአራቱም ማዕዘን፣ በመጨረሻ እያንዳንዱን ጉድጓድ አጠገቡ ሳንቲም አድርገን አነሳን። በሁለተኛው ጊዜ ገማቹ ራሱ መጥቶ አየና ሒሳቡ ተስተካከለ። ካሜራው የስልክ ካሜራ ነበር።

ስንሸጥም ነገሩ ያው ነው። በኢንተርኔት ለሚወጣው ፎቶ ታርጋዋን ሸፍኑ፤ ጭረቷን ግን አትሸፍኑ። ጭረቷን ለይቶ የሚያሳይ አንድ ፎቶ ብትጨምሩ፣ ከሩቅ ነድቶ የሚመጣው ገዢ በር ላይ ደርሶ «ይህን አልነገርከኝም» ብሎ አይከራከራችሁም። በአንድ ከተማ፣ በአንድ ዕድር የምንኖር ሰዎች ነን። በአንድ ፎቶ የተታለለ ሰው እሁድ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ያገኘናል።

ከላይ አባት ይጠይቃል ያልኩት የእኔው አባት ነው። ያን ጊዜ የተደገፍኳት መኪና የማን እንደነበረች ዛሬም አላውቅም። መልሱን ዛሬ ነገ ስል ሳልጽፍለት ቀረሁ፤ አሁን ደግሞ ደብዳቤውን የሚቀበለኝ የለም። ባለፈው ሳምንት በማለዳ ተነስቼ የራሴን መኪና፣ በረዶ የቀጠቀጠው ጣራዋ ሳይቀር፣ ተራሮቹን ከኋላዋ አድርጌ አነሳኋት። ሌንሱ ያገለገለ ነው። መኪናዋ ግን የእኔ ናት።

እናንተም ለቤተሰብ የምትልኩት ፎቶ ካለ ሃያ እርምጃ ወደ ኋላ ሂዱና አንሱ።