በተመልካች ማሳበብ ይብቃ

«ሕዝቡ የሚፈልገው ይህንን ነው» የምትለዋ አባባል በአገራችን የፊልም መንደር ያልሸፈነችው ጉድ የለም። ታሪኩ ከአምናው ፊልም በምን ይለያል ሲባሉ ሕዝቡ የሚፈልገው ይህንን ነው ይላሉ። ድራማው ለምን ከሳምንት ሳምንት አንድ ቦታ ይረግጣል ሲባሉም መልሱ ያው ነው። ፕሮዲውሰሩ በምረቃው ዕለት፣ ተዋናዩ በሬዲዮ ቃለ መጠይቅ፣ አንዳንዴም ጋዜጠኛው ራሱ ቀድሞ ይላታል። እኔ ሕዝብ ከሚባለው ወገን ነኝ። የፊልም ትምህርት የለኝም፤ ከሥራ መልስ ቴሌቪዥን የምከፍት፣ ሲመቸኝ ሲኒማ የምገባ ሰው ነኝ። በእኛ ስም የሚነገረው ነገር እውነት እንዳልሆነ ለመመስከር ከዚህ የተሻለ ቦታ ያለ አይመስለኝም።

ተራ ተመልካች ፊልም ሲያይ ምን እንደሚያይ ላስረዳ። በቅርቡ ከእናቴ ጋር አንድ የአገር ውስጥ ፊልም ከፍተን ነበር። ባለታሪኳ መንገድ ዳር የጀበና ቡና እየሸጠች ታናናሾቿን የምታሳድግ ልጅ ናት። ካሜራው ረከቦቱ ላይ ተጠግቷል፤ ልጅቷ ጀበናውን ከከሰሉ ላይ አንሥታ ወዲያው ቀዳች። እናቴ «ሳይሰክን?» አለች። ሲኒውን የተቀበለው ደንበኛ እጁን እያወናጨፈ ሲያወራ ሲኒው ተዘቀዘቀ፤ ጠብ ያለ ነገር የለም፣ ባዶ ነበር። የልጅቷ ጥፍር ደግሞ ያን ዕለት ከውበት ሳሎን የወጣ ነው፤ ከሰል ነክቶ አያውቅም። «ይቺ ቡና አፍልታ አታውቅም» አለችና እናቴ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ከዚያ በኋላ ልጅቷ ብትከዳም፣ ብታለቅስም፣ ሆስፒታል ብትገባም እናቴን ቀና ያደረጋት ነገር አልነበረም። እውነተኛ ቡና ሲኒ ውስጥ ለመቅዳት የሚያስፈልገው ገንዘብ ኢምንት ነው። ያልነበረው፣ ይህን ፊልም ቡና አፍልታ የምታውቅ ሴት ልታየው ትችላለች የሚል ሐሳብ ነው።

ክርክሩ አዲስ አይደለም። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. የቱርክና የሌሎች አገሮችን ድራማ በአማርኛ ድምፅ እየመለሰ ማሰራጨት ሲጀምር የኪነ ጥበብ ሰዎች ባህል ይበረዛል፣ የአገር ልጅ ሥራ ያጣል ብለው አጥብቀው ተቃወሙ። የሥራው ስጋት እውነተኛ ነበር፤ አልክድም። ነገር ግን ወዲያው ተመልካቹ ላይ ጣት ተቀሰረ፦ ሕዝባችን የውጭ ነገር አምላኪ ነው፣ ቁምነገር አይወድም ተባለ። የተመልካቹን ቤት ገብቶ የጠየቀ ቢኖር ኖሮ ሌላ ነገር ይሰማ ነበር። የቃናው ድራማ በየቀኑ በሰዓቱ ይመጣል። ድምፁ ጥርት ብሎ ይሰማል። ዛሬ የተጣሉት ወንድማማቾች ለምን እንደተጣሉ ከሃያ ክፍል በኋላም ይታወሳል፤ ጸሐፊው አልረሳውማ። የእኛው ድራማ ግን በሳምንት አንዴ መጥቶ ግማሹን ሰዓት ያለፈውን ክፍል በመድገምና በማስታወቂያ ያሳልፋል፤ በቀረችው ደቂቃ ሁለት ሰዎች ሶፋ ላይ ተቀምጠው ይነጋገራሉ።

የቱርኩ ድራማ ጉድለት የለበትም ማለቴ አይደለም። ዓይን ለዓይን መተያየቱ ልብ ያወልቃል፤ ሀብታሙ ቤተሰብ ሁልጊዜ ምስጢር አለው፤ የጠፋው ልጅ ሁልጊዜ ይገኛል። ግን እዚያው አገሩ አንዱ ክፍል ሁለት ሰዓት ገደማ የሚፈጅ፣ ለውጭ ገበያ ሲወጣ የሚቆራረጥ ዝግተኛ ታሪክ ነው። ይህን ወራት ሙሉ በትዕግሥት የተከታተለን ሕዝብ «ትዕግሥት የለውም፣ ቶሎ ቶሎ ካላሳቅነው ይሄዳል» ማለት ምን ማለት ነው?

ከቴሌቪዥኑ በፊት ሬዲዮው መስክሯል። ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. ባለው ጊዜ የተላለፈው «የቀን ቅኝት» 257 ክፍል ነበረው። የኤች አይ ቪንና የቤተሰብ ምጣኔን ጉዳይ በታሪክ አዋዝቶ የሚያቀርብ ድራማ ነው፤ ሳቅ የሚበዛበት አልነበረም። አዘጋጁ ድርጅት ከአድማጭ ከ15,000 በላይ ደብዳቤ እንደደረሰው ገልጿል። ያኔ ደብዳቤ መጻፍ ወረቀትና ቴምብር ገዝቶ፣ ፖስታ ቤት ድረስ ሄዶ ነው። ይህን ያህል የተጨነቀ አድማጭ የተገኘው ገጸ ባሕርያቱ የሚያደርጉት ነገር መዘዝ ስለነበረው ነው፤ የተሳሳተ ይከፍላል፣ የተማረ ይለወጣል።

«ሰው ለሰው»ም በኢቲቪ ሲተላለፍ አበበ ባልቻ የተጫወተው አስናቀ የአገር መነጋገሪያ ሆኖ ነበር። ሰዉ አስናቀን ጠላው፣ ግን ሲናገር አዳመጠው፣ ቀጥሎ ምን እንደሚያደርግ ታክሲ ውስጥ ተከራከረበት። ክፉ ሰው ብልህ ሆኖ ሲጻፍ ተመልካቹን ይከብደዋል ያለ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ቅድስት ይልማና አዜብ ወርቁ ከጻፉት ሰዎች መካከል የሆኑበት «እረኛዬ» በአርትስ ቴሌቪዥን መጣ። ገጠር ነው፤ ቪላ የለም፣ ውድ መኪና የለም፣ ንግግሩ የከተማ አራዳ አይደለም። ከሁሉ በላይ የወደድሁለት አሮጊቶቹ ሲናገሩ ማንም አለማቋረጡን ነው፤ ጸሐፊዎቹ አማርኛው በራሱ ሰው ይዞ እንደሚያቆይ አምነዋል። «ተመልካች ገጠር አይወድም» ሲሉን የነበሩ ሰዎች ከዚያ በኋላ ስለ ስሕተታቸው ሲናገሩ አልሰማሁም።

የሞገስ ታፈሰ ፊልም «ቁራኛዬ» (እ.ኤ.አ. 2019) ከዚህም ይገፋል። ከሳሽና ተከሳሽ ተቆራኝተው ወደ ችሎት የሚጓዙበትን የጥንቱን የፍትሕ ሥርዓት ነው የያዘው። ሁለት የሚጠላሉ ሰዎች አብረው መብላት፣ አብረው መተኛት፣ አንዱ ሲታመም ሌላው መደገፍ ግድ ይሆንባቸዋል። ከዚህ የበለጠ ድራማ ከየት ይመጣል? ሴራውን የፈጠረው የአያቶቻችን ሕግ ነው፤ ደራሲው ሄዶ አገኘው። የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ የዳኞችን ልዩ ሽልማት፣ በ2009 በዋጋዱጉ የፌስፓኮ ፊልም ፌስቲቫልን ታላቅ ሽልማት ያገኘ ነው። ታሪኩ ከመንደር ወደ ጀርመን፣ ከጀርመን ወደ ደርግ ዘመን አዲስ አበባ ይዘላል። ለምሁር እንጂ ለሰፊው ሕዝብ አይሆንም ተብሎ ሲታማ ሰምቻለሁ። ፊልም እምብዛም የማያየው አጎቴ ግን ልጆቹ ከአፈሳ ሸሽተው ዋሻ ውስጥ የሚደበቁበት ቦታ ላይ ሲደርስ ማንም ሳያስረዳው የት ዓመት ላይ እንዳለ ያውቅ ነበር፤ ኖሮበታላ።

አንድ ጠንካራ መልስ እንዳላቸው አውቃለሁ፦ ሲኒማ ቤቱን የሚሞላው የፍቅር ኮሜዲ ነው ይላሉ። እውነት ነው፣ ሞልቶ አይተናል። እኔም «የወንዶች ጉዳይ»ን አይቼ ከልቤ ስቄያለሁ። ያ ፊልም የተሳካለት ግን ሁኔታው የምናውቀው፣ ንግግሩም በአዲስ አበባ ጎረምሳ አፍ የሚገባ ስለነበር ነው። ከስኬቱ የተወሰደው ትምህርት «በደንብ የተጻፈ ነገር ይሸጣል» መሆን ሲገባው «ኮሜዲ ይሸጣል» ሆነ። ከዚያ በኋላ ሀብታም መስሎ የሚታይ ድሃ፣ ድሃ መስላ የምትታይ ሀብታም፣ በመሐል አንድ ቀልደኛ ጓደኛ፤ ይኸው ዓመታት ተቆጠሩ። ሰው መሰልቸቱን በእግሩ ተናገረ፤ ሲኒማ ቤት መግባት ተወ። ይህንንም በተመልካች አሳበቡ፦ ሕዝቡ ሲኒማ አይወድም ተባለ።

የችግሩ ምንጭ ሌላ ቦታ ነው፤ ባለሙያዎቹም ከእኔ የተሻለ ያውቁታል። ፊልም በጥቂት ሳምንታት ተቀርጾ ያልቃል። ለድርሰት የሚከፈለው ለታዋቂ ተዋናይ ከሚከፈለው ጋር ሲነጻጸር እዚህ ግባ አይባልም። ተዋናዩ ጠዋት አንድ ሥራ፣ ከሰዓት ሌላ ሥራ ላይ ነው። የሲኒማ ቤቱ ቁጥር ጥቂት ነው፤ ፊልሙ በተሰረቀ ማግሥት ስልክ ላይ ይገኛል። ይህ ሁሉ ከባድ ነው፣ ልብም ያሳዝናል። እንዲህ ብለው ቢነግሩን አብረን እንጮህ ነበር። የጽሑፍ ጊዜ አጥቶ የወጣን ሥራ ግን «እናንተ የምትፈልጉት ይህ ስለሆነ ነው» ብሎ ማቅረብ ስድብ ነው፤ ስድቡም የሚያርፈው ቲኬት በገዛው ሰው ላይ ነው።

የዚህ አስተሳሰብ መንትያ «የአገራችንን ሥራ ማበረታታት አለብን» የሚለው ነው። ተመልካች ቅር ያለውን ሲናገር ምቀኛ ይባላል፤ ባለሙያ አይደለህም፣ ምን አገባህ ይባላል። ልብ በሉ፦ ሲያጨበጭብ ሕዝብ ነው፣ ሲተች መሃይም ነው። የአገራችን የመጀመሪያ ረጅም ፊልም የሚባለው «ሂሩት አባቷ ማነው» በ1957 ዓ.ም. ከወጣ ወዲህ ስልሳ ዓመት ሆኖታል። የስልሳ ዓመት ዕድሜ ያለው ሙያ እንደ ሕፃን እሹሩሩ ሊባል አይገባም። እኔ ለአገሬ ፊልም የማደርገው ማበረታቻ ገንዘቤን ከፍዬ መግባት፣ እስከ መጨረሻው ማየትና ያየሁትን ሳልቀባባ መናገር ነው። የውጩን ፊልም የምመዝነው በዚሁ ሚዛን ነው።

የምጠይቀው ነገር ቀላል ነው። ፊልም ሲመረቅ ቀይ ምንጣፍ ተነጥፎ የሚጠራው ተዋናይ፣ ዘፋኝና ስፖንሰር ነው፤ ያኔ ደግሞ ሥራው አልቋል፣ የሚታረም ነገር የለም። ከዚያ በፊት፣ ቅንብሩ ሳይዘጋ፣ ሃያ ሠላሳ ሰው ከሰፈር ጥሩ። ጡረተኛ ይኑርበት፣ ቡና የምትሸጥ ሴት ትኑርበት፣ የታክሲ ረዳት ይኑርበት፣ ተማሪ ይኑርበት። ፊልሙን አሳዩአቸውና የት ቦታ ላይ ማመን እንዳቆሙ ጠይቋቸው። የሚሉትን ጽፋችሁ ወደ ቅንብር ክፍሉ ይዛችሁ ግቡ። ይህን አድርጋችሁ ሳለ ሕዝቡ አሁንም ባዶ ሲኒ ይሻለኛል ካለ፣ ያኔ «ሕዝቡ የሚፈልገው ይህንን ነው» ማለት ትችላላችሁ።