የእህል ከረጢትና በላስቲኩ የሚቀላቀለው ማዕድን

ይፋግ ከጥንት ጀምሮ የታወቀች የገበያ ስፍራ ናት። አሞሌ ጨው እንደ ገንዘብ በሚያገለግልበት ዘመን ነጋዴው አሞሌውን የሚቀበለው አገላብጦ ካየ በኋላ ነበር፤ የተሸረፈ አሞሌ ዋጋው ይወድቃልና። የዚያ ነጋዴ የልጅ ልጅ ግን የሽምብራ ማስቀመጫ ከረጢት ሲገዛ ብዙ ጊዜ የሚመለከተው ዋጋውን ብቻ ነው።

አየር የማያስገባው ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ የአሜሪካው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት በካሜሩን ለጥራጥሬ መጠበቂያ ያዘጋጁት ሲሆን፣ በኢትዮጵያም ገበያ ይገኛል። ሁለቱ የውስጥ ሽፋኖች ፖሊኢቲሊን ናቸው። አፉ በሚገባ ከታሰረ ነቀዙ ኦክስጅኑን ተንፍሶ ይጨርሳል፤ መብላቱንም አቁሞ ይሞታል። እህሉም ያለ መድኃኒት ይጠበቃል።

ይሁን እንጂ ላስቲክ ጋዝን ፈጽሞ አይከለክልም፤ አንዱን ፈጠን፣ ሌላውን ዘግየት አድርጎ ያሳልፋል። ኢንዱስትሪ በዚሁ ጠባይ በመጠቀም ናይትሮጅንን ከአየር የሚለዩ ስስ የፖሊመር ሽፋኖችን ይሠራል። ተመራማሪዎችም የመለየት ኃይላቸውን ለማሳደግ እንደ ዜኦላይት ያለ ባለ ቀዳዳ ማዕድን ይቀላቅሉባቸዋል። ማዕድኑና ፖሊመሩ በደንብ ካልተያያዙ ግን ጋዙ ሁሉ ሳይለይ በመካከላቸው ባለው ክፍተት ያልፋል።

ይህ ነገር ለነጋዴው የሩቅ ወሬ አይደለም። ላስቲክን ለማርከስ የኖራ ድንጋይ ዱቄት የሚቀላቅሉ ፋብሪካዎች በዓለም ላይ ብዙ ናቸው። ለዕቃ መያዣ ፌስታል ይህ ብዙ አይጎዳ ይሆናል፤ ነገር ግን ዱቄቱ ሳይያያዝ ላስቲኩ ከተወጠረ ጥቃቅን ክፍተት ይፈጠራል። በእንዲህ ያለ ከረጢት ውስጥ ነቀዙ እየተነፈሰ ይኖራል፤ ባለቤቱም ጉዳቱን የሚያውቀው ከወራት በኋላ አፉን ሲፈታ ነው።

ስለዚህ አስመጪው ከማዘዙ በፊት የላስቲኩን ውፍረት፣ የማዕድኑን መጠንና የኦክስጅን አሳላፊነቱን ልክ በጽሑፍ ሊጠይቅ ይገባዋል። ባለሱቁም ከናሙናው ጥቂት ቆርጦ ከቤት ውጭ ቢያቃጥል፣ ነጭ አመድ በብዛት ሲቀር ማዕድን እንደ በዛበት ይረዳል።

አንድ ጊዜ የተታለለ ገበሬ ደግሞ አይገዛም፤ ደኅናውም ከረጢት ከመጥፎው ጋር አብሮ ይጠላል። አሞሌውን አገላብጦ ያይ የነበረው ዓይን ዛሬም ለላስቲኩ ያስፈልጋል።