ልጆቻችንና የቆዩ መጻሕፍት



በዚህ ወር ዓምዳችን የምናነሳው ጉዳይ የ7ኛ ወይም የ8ኛ ክፍል ተማሪ ያለበትን ቤት ሁሉ የሚመለከት ነው። ልጆቻችን በዚህ ዕድሜ ብዙ የሚያነቡ ይመስለናል። ደብተራቸውን ያጠናሉ፣ የቤት ሥራቸውን ይሠራሉ፣ ፈተና ሲደርስም ሌሊት ሳይቀር ይቀመጣሉ። ነገር ግን ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ያነበባችሁትንና ከሰው ጋር የተወያያችሁበትን አንድ መጽሐፍ ንገሩን ብንላቸው፣ መልስ የሚኖራቸው ስንቶቹ ናቸው? ለፈተና የተጠናው ትምህርት ብዙ ጊዜ ከፈተናው ጋር ይረሳል። ልጅ ተወያይቶበት የተረዳው ታሪክ ግን አብሮት ያድጋል።

የ13 እና የ14 ዓመት ልጅ ትእዛዝን ብቻ ሰምቶ የሚሄድበት ጊዜ እያለፈ ነው። «ለምን?» ይላል። የታላላቆቹን ሥራ በልቡ ይመዝናል። የጓደኛው ቃል ከእናቱ ቃል የሚከብድበት ቀን ይመጣል። በስልክ የሚመጣለትን ወሬም ሳያጣራ ያምናል፣ ለሌላውም ያስተላልፋል። እኛ «ዝም በል» ስንለው ጥያቄውን አይተወውም፤ ወደ ሌላ ሰው ይዞት ይሄዳል። ስለ አባቱ ቁጣ በግልጽ መናገር ለልጅ ከባድ ነው። በመጽሐፍ ውስጥ ስላለ አንበሳ ቁጣ መናገር ግን አይከብደውም። አንድን መጽሐፍ በአንድነት ማንበብ በቤታችን ውስጥ ይህን በር ይከፍታል።

ከየትኛው መጽሐፍ እንጀምር?

ለመጀመሪያ የምንመርጠው «ከሊላ ወዲምና»ን ነው። ይህ መጽሐፍ መነሻው ህንድ ነው። በሳንስክሪት ቋንቋ «ፓንቻታንትራ» ከሚባለው የተረት መጽሐፍ፣ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በፋርሱ ንጉሥ በአኑሺርዋን ዘመን ቡርዞይ የተባለ ሐኪም ወደ ፓህላቪ ቋንቋ መለሰው። በ8ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ደግሞ ትውልደ ፋርስ የነበረው አብዱላህ ኢብኑል ሙቀፈዕ ወደ ዐረብኛ ተረጎመው። ከዐረብኛው ተነሥቶ መጽሐፉ ዓለምን ዞረ። እ.ኤ.አ. በ1251 ወደ ካስቲል ስፓኝኛ ተተረጎመ። የፈረንሳዩ ገጣሚ ላ ፎንቴንም እ.ኤ.አ. በ1678 ባሳተመው የተረቶች መጽሐፉ ፒልፓይ ለሚባለው ለህንዱ ጠቢብ ባለዕዳ መሆኑን ገልጿል። ፒልፓይ ተረቶቹን እንደ ተናገረ የሚነገርለት ጠቢብ ስም ነው። ህንዳዊው፣ ፋርሱ፣ ዐረቡና አውሮፓዊው በየተራ የተማሩበት መጽሐፍ ለእኛም ልጆች አያንስም።

ታሪኩ አጭርና ግልጽ ነው። አንድ ነጋዴ ጭቃ የያዘውን በሬ ትቶ ይሄዳል። በሬው ከሞት ተርፎ በለመለመ መስክ ይወፍርና ያገሳል። የአገሩ ንጉሥ አንበሳ እንዲህ ያለ ድምፅ ሰምቶ ስለማያውቅ ይደነግጣል፤ ፍርሃቱን ግን ይደብቃል። ዲምና የተባለው ብልጥ ቀበሮ የንጉሡን ፍርሃት ያውቅበታል። በሬውን አምጥቶ ከአንበሳው ጋር ያስተዋውቃል። አንበሳውና በሬው የልብ ወዳጆች በሚሆኑበት ጊዜ ግን ዲምና በቅናት ይቃጠላል። ለአንበሳው «በሬው ሊገድልህ ያስባል» ይለዋል፤ ለበሬው ደግሞ «አንበሳው ሊበላህ ነው» ይለዋል። በዚህ ሳያበቃ ለእያንዳንዳቸው በሌላው ላይ የሚያዩትን ምልክት አስቀድሞ ይነግራቸዋል። ሁለቱም በሥጋት ተወጥረው ሲገናኙ የተባለውን ምልክት እርስ በርስ ያያሉ። አንበሳውም በሬውን ይገድላል፤ ከገደለም በኋላ ይጸጸታል።

እዚህ ላይ አንባቢው ልጅ ቆም እንዲል እናድርግ። «የታሪኩ ትምህርት ምንድን ነው?» ብለን ከጠየቅን «ቅናት መጥፎ ነው» ብሎ ይመልስና ነገሩ ያልቃል። ይልቁንስ እንዲህ እንጠይቀው፦ አንበሳው በየትኛው ሰዓት ላይ መቆም ይችል ነበር? ያየው ምልክት ውሸት ነበርን? ምልክቱ እውነት ሆኖ ሳለ ፍርዱ እንዴት ስሕተት ሆነ? በሬው ሄዶ በግልጽ ቢጠይቀው ኖሮስ? ዲምናን ወንድሙ ከሊላ አስቀድሞ መክሮታል፤ ምክሩ ሳይሰማ ሲቀር ለንጉሡ መንገር ነበረበትን ወይስ ዝም ማለቱ ትክክል ነበር? የመጨረሻውን ጥያቄ ልጆች በቀላሉ አይለቁትም፤ እነሱም በክፍላቸው ውስጥ የጓደኛቸውን ጥፋት አውቀው ዝም የሚሉበት ጊዜ አለና።

ነሚማ፣ ማለትም ነገር እያመላለሱ ሰውን ከሰው ማጣላት፣ ምን ያህል ከባድ ጥፋት እንደሆነ ልጆቻችን በመድረሳ ተምረዋል። በሱረቱል ሑጁራት 6ኛው አንቀጽ የመጣን ወሬ እንድናጣራ መታዘዛችንንም ያውቃሉ። የዲምና ታሪክ ይህን የሚያውቁትን ነገር በዓይናቸው እንዲያዩት ያደርጋል። በሚቀጥለው ጊዜ አንድ ጓደኛ «እገሌ ስለ አንተ እንዲህ አለ» ሲለው፣ ወይም በስልኩ የሚያስቆጣ ወሬ ሲደርሰው፣ «ይህ የዲምና ሥራ ይሆን?» ብሎ መጠየቅ ከቻለ ንባቡ ፍሬ አፍርቷል።

በመጽሐፉ የሚቀጥለው ምዕራፍ የዲምና የፍርድ ሂደት ነው። ዲምና አንደበተ ርቱዕ ስለሆነ የሚከሱትን ሁሉ በንግግር ይረታል። ጥፋተኛ መሆኑን አንባቢው ያውቃል፤ ሆኖም ምስክር እስኪገኝ ድረስ አይፈረድበትም። አንድ ምስክር ብቻውን ስለማይበቃ ሁለተኛው እስኪመጣ ይጠበቃል። ልጆቻችን እዚህ ላይ ለሁለት ተከፍለው ይከራከሩ፤ ግማሾቹ ከሳሽ፣ ግማሾቹ ጠበቃ ይሁኑ። የምንጠላውንም ሰው ቢሆን ያለ ማስረጃ አለመፍረድን ከዚህ የተሻለ የሚያስተምር ጨዋታ አይገኝም።

እንዴት ይነበብ?

በሳምንት አንድ ምሽት ይበቃል። ከመግሪብ እስከ ዒሻ ያለው ጊዜ ለብዙ ቤተሰብ ይመቻል። 20 ደቂቃ ንባብ፣ 20 ደቂቃ ውይይት። ስልኮች በአንድ ቦታ ይቀመጡ፤ የአባትም ስልክ ጭምር። መጽሐፉ አንድ ብቻ ከሆነ ችግር የለውም፤ ልጆቹ ተራ በተራ ጮክ ብለው ያንብቡ፣ ሌላው ያዳምጥ። መጽሐፉ በአማርኛ እጃችሁ ካልገባ፣ ዐረብኛ ወይም እንግሊዝኛ የሚያውቅ የቤተሰብ አባል አስቀድሞ አንብቦ በአማርኛ ይተርክ። ትርጉሙን የመድረሳ ተማሪው ልጅ ቢሞክረው ደግሞ ለሁለት ትምህርት ይሆነዋል።

ፊደል ያልቆጠሩ እናትና አያት ከዚህ ክበብ መውጣት የለባቸውም። ልጁ ያንብብላቸው። ክፉ ጎረቤትንና ደግ ጎረቤትን፣ እርቅንና ጠብን ከልጁ ይልቅ የሚያውቁት እነሱ ናቸውና ውይይቱ ሲጀመር የሚናገሩት ብዙ ነው። ሴቶች ልጆቻችንም ንባቡ ሲጀመር ወደ ማዕድ ቤት መላክ የለባቸውም። ሥራው አስቀድሞ በሁሉም እጅ ይለቅና ሁሉም በአንድነት ይቀመጥ። ሁልጊዜ ከሥራ ላይ ሆና ግማሹን ብቻ የምትሰማ ልጅ፣ ንባብ የእሷ ድርሻ እንዳልሆነ ትማራለች።

ወላጅም እንደ መርማሪ አይቀመጥ። የሚያውቀውን መልስ ለመስማት የሚጠይቅ ሰው ልጁን ያደክመዋል። ልጁ ሲያስብ ዝምታ ቢመጣ እንታገሥ። ከእኛ የተለየ ሐሳብ ሲሰነዝር «ከየት አመጣኸው?» ብለን ከማስደንገጥ ይልቅ «መጽሐፉ ውስጥ የትኛው ነገር እንዲህ አሰኘህ?» እንበለው። ይህች አንዲት ጥያቄ ልጁን ወደ ገጹ ትመልሰዋለች፤ ለተናገረው ነገር ማስረጃ መፈለግንም ታስለምደዋለች።

ውይይት ለምን ያስፈልጋል?

ኢብኑል ሙቀፈዕ ራሱ በመግቢያው ላይ ለዚህ መልስ ሰጥቶበታል። አንድ ሰው ንግግር አዋቂ ለመሆን ፈልጎ ወዳጁን ይጠይቀውና ወዳጁ በቢጫ ወረቀት ላይ ጽፎ ይሰጠዋል። ሰውየው ትርጉሙን ሳይረዳ ቃሉን ብቻ ይሸመድዳል። በሊቃውንት መካከል ተናግሮ ስሕተቱን ሲያርሙት፣ ቢጫውን ወረቀት አንብቦ፣ ወረቀቱም ቤቱ ተቀምጦ ሳለ እንዴት ሊሳሳት እንደሚችል ይገረማል። በልጆቻችን ቦርሳ ውስጥ ስንት ቢጫ ወረቀት አለ?

በዚያው መግቢያ ሌላ ምሳሌም አለ። አንድ ሰው በምድረ በዳ ሀብት ያገኛል። ወደ ቤቱ እንዲያደርሱለት ተሸካሚዎችን ይቀጥራል፤ እሱ ግን ወደ ኋላ ይቀራል። ተሸካሚዎቹ ሁሉ ሸክማቸውን ወደየራሳቸው ቤት ይወስዱና ለሰውየው ድካሙ ብቻ ይተርፈዋል። ልጅን የማሳደግ ሥራ ለትምህርት ቤት፣ ለመድረሳና ለስልክ አስረክበን እኛ ወደ ኋላ ከቀረን፣ ሀብቱ ወደ ማን ቤት እንደሚገባ ማሰብ ይገባናል።

«ተረት ውሸት አይደለምን?»

ይህን የሚጠይቁ ወላጆች አሉ፤ ጥያቄያቸውም ከጥንቃቄ የመጣ ነው። ውሸት ግን ሰሚውን ለማታለል የሚነገር ነው። አንበሳና ቀበሮ እንደማይነጋገሩ ተራኪውም ሰሚውም ያውቃሉ፤ የተታለለ የለም። ኢብኑል ሙቀፈዕ እንስሳቱን ያናገራቸው ጨዋታ የሚወደውን ወጣት ወደ መጽሐፉ ለመሳብ እንደሆነ፣ ፍሬውን ግን አስተዋይ ከውስጡ እንዲያወጣው በግልጽ ጽፏል። ይሁንና የመረጥነውን መጽሐፍ አስቀድመን ማንበባችን የሚቀር አይደለም።

ከዚያስ?

በዚህ የጀመሩ ልጆች 8ኛ ክፍልን ሲያገባድዱ ከአማርኛ መጻሕፍት መካከል በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ከወላጅ ጋር ምዕራፍ እየመረጡ ማንበብ ይችላሉ። ታሪኩ የጎጃም ክርስቲያኖች ሕይወት ስለሆነ «ምን ያደርግልናል?» የሚል ይኖር ይሆናል። እኛ ግን ጎረቤቱን የማያውቅ ሰው አገሩንም አያውቅም እንላለን። በዛብህ ገና ሕፃን ሳለ ወላጆቹ ስለ እሱ ስለት ገብተዋል። ወላጅ በልጁ ዕድሜ ላይ እስከ ምን ድረስ መወሰን ይችላል? ፊታውራሪ መሸሻ በዘር ኩራት ምክንያት በልጃቸው በሰብለ ወንጌል ላይ ምን አደረሱ? እውነት የሚናገረውን ጉዱ ካሣን ሰዎች እንደ እብድ ያዩት ለምንድን ነው? እነዚህ ጥያቄዎች የክርስቲያኑም የሙስሊሙም ቤት ጥያቄዎች ናቸው።

ለመጀመሪያው ምሽት ግን ከዚያው ከ«ከሊላ ወዲምና» የርግቢቱን ታሪክ ብትመርጡ አጭርና ቀላል ነው። ርግቦች በመረብ ይያዛሉ። እያንዳንዷ ለብቻዋ ስትታገል መሪያቸው በአንድነት ክንፋቸውን እንዲመቱ ታደርግና መረቡን ይዘውት ይበራሉ። ወዳጇ አይጥ ዘንድ ሲደርሱ አይጡ የእሷን ማሰሪያ አስቀድሞ ሊቆርጥ ይጀምራል። እሷ ግን በሌሎቹ እንዲጀምር ትለምነዋለች። በእሷ ከጀመረ ሲደክመው የቀሩትን ሊተው ይችላል፤ እሷ የመጨረሻ ከሆነች ግን ለወዳጁ ሲል ደክሞትም አይተዋትም።

ልጆቻችሁን «እናንተ መሪ ብትሆኑ መጀመሪያ የማንን ማሰሪያ ታስቆርጣላችሁ?» ብላችሁ ጠይቋቸው። ከዚያ መልሳቸውን እስከ መጨረሻው አዳምጡ።

አላህ ልጆቻችንን አስተዋዮች ያድርግልን። በመጪው ወር በሌላ ጉዳይ እስክንገናኝ፣ ወሰላሙ ዐለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ።