«ሲሾም ያልበላ» የሚለውን ተረት እንተወው



ባለፈው እሑድ በማኅበራችን ስብሰባ ላይ አዲስ ገንዘብ ያዥ እንድንመርጥ ስንጠየቅ፣ ከወደ ኋላ አንድ ሰው «አቦ ማንንም ምረጡ፣ ሁሉም በይ ነው! ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» አለ። ተሳቀ። እኛም ስቀናል። ቤታችን ገብተን ስናስበው ግን የሚያስቅ ሆኖ አላገኘነውም። ይህ ተረት ሌባውን ብልህ፣ ታማኙን ሞኝ ያደርጋልና።

ሲሾም የበላ አይቆጨውም ያለው ማነው? የአቶ ታምራት ላይኔን ጉዳይ እናስታውስ። በ1983 ዓ.ም. የሽግግር መንግሥቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። በ1987 ዓ.ም. ደግሞ ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትርና የመከላከያ ሚኒስትር። በጥቅምት 1989 ዓ.ም. ከሥልጣናቸው ተነሡ፤ በምክር ቤትም ፊት ጥፋት መሥራታቸውን ተናገሩ። በ1992 ዓ.ም. ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሙስና ጥፋተኛ ብሎ 18 ዓመት እስራት ፈረደባቸው። 12 ዓመት ታስረው በታኅሣሥ 2001 ዓ.ም. ተፈቱ። ወደ ሥልጣን ግን አልተመለሱም።

ስለዚህ ትልቅ ሰውም ይጠየቃል ማለት ነው። ይህ ደግ ነው። ይሁንና አንድ ነገር ይከነክነናል፤ ይኸውም ሕጉ የደረሰው ሰውዬው ከወንበሩ ከወረዱ በኋላ መሆኑ ነው። የሥነ ምግባርና የፀረ ሙስና ኮሚሽን እንኳ የተቋቋመው ከፍርዱ በኋላ፣ በ1993 ዓ.ም. ነበር።

በዚያው በ1993 ዓ.ም. ገዥው ወገን ለሁለት ሲከፈል፣ የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር አቶ ስዬ አብርሃ በሙስና ተጠርጥረው ታሰሩ። ፍርድ ቤት በዋስ ቢለቃቸው ወዲያው መልሰው ያዟቸው፤ በሙስና ለተጠረጠረ ሰው ዋስትና የሚከለክል ሕግም ወጣ። በ1999 ዓ.ም. ተፈርዶባቸው፣ የታሰሩበት ዘመን ከፍርዱ ስለበለጠ ተፈቱ። እንግዲህ ሕዝቡ «ስለተጣሉ ነው እንጂ ስለሰረቁ አይደለም» ቢል ምን ይፈረድበታል? ሕግ ከጠብ በኋላ ብቻ ሲመጣ፣ ወንጀሉ መስረቅ ሳይሆን መጣላት ይመስላል። ያን ጊዜ እውነተኛው ፍርድም ሳይታመን ይቀራል።

ወደ ሰፈራችን እንመለስ። የኛ ሣጥን ትንሽ ናት፤ ግን የለቅሶ ድንኳን የሚተከለው፣ የተቸገረ ጎረቤት የሚረዳው ከሷው ነው። እኛም እኮ ያው ነን! ገንዘብ ያዣችን ወዳጃችን ሳለ ደረሰኝ መጠየቅ እናፍራለን። ስንጣላ ጊዜ በርጫ ላይ ቁጭ ብለን ስሙን እናጠፋለን። ሁለቱም ነውር ነው።

በመሆኑም ሐሳባችን ይኽ ነው። ሒሳቡ በየወሩ በዚህ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። ገንዘብ የሚወጣው በሁለት ሰው ፊርማ ይሁን። ሒሳብ መርማሪ ሲመረጥ የገንዘብ ያዡ ዘመድም ሆነ ባላንጣ አይሁን። ጥርጣሬ ያለው ሰው በስብሰባ ላይ ይናገር፤ የተጠረጠረውም መልስ ሳይሰጥ ሌባ አይባል። እንዲህ ከሆነ ታማኙ ሰው ሹመት አይፈራም፣ በይውም አይመኘውም።

በመጪው እሑድ ምርጫው ይቀጥላል። ቀርተን በኋላ እንዳናማ፣ ሁላችንም እንገኝ። ያ ከኋላ የተናገረው ወንድማችንም አይቅር፤ ለሒሳብ መርማሪነት እሱን ለመጠቆም አስበናል።