የመጨረሻው ሰው ሳይደርስ «ደርሰናል» አንበል



ባለፈው ወር አንድ እሁድ ማለዳ ከቀራንዮ በሁለት ቅጥቅጥ አውቶቡስ ተነስተን፣ በአየር ጤናና በዓለም ገና አድርገን ወደ ሰበታ፣ ከዚያም ወደ መናገሻ ሱባ ደን የተጓዝነው 43 ሰዎች ነበርን። ከዚያ ቀን ጀምሮ በጀመዓችን ቴሌግራም ላይ የሚዞር አንድ ፎቶ አለ። ወጨጫ ጫፍ ላይ፣ ከኋላችን ጭጋግ፣ ከፊታችን ሳቅ፤ ከስሩ «ጀመዓችን» የሚል ጽሑፍ። ፎቶው ላይ የቆመውን ሰው ብትቆጥሩ ግን 36 ነው። ይህን ጽሑፍ የጻፍነው ስለ ቀሩት ሰባት ነው። የጻፍነውም ከፎቶው ውስጥ ያለን ሰዎች ነን።

የሆነው ይህ ነው። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ገደማ መውጣት ጀመርን። ወጨጫ ቀላል ተራራ አይደለም። ከቀራንዮ ወደ ምዕራብ ስንመለከት ቅርብና ለስላሳ መስሎ ይታያል እንጂ ጫፉ ከ3300 ሜትር በላይ ነው። ከታች የጥድና የዝግባ ደን፣ ከፍ ሲል ኮሶ፣ ከዚያም በላይ አስታና ጅብራ ይቀበላል። ዛፉ እያጠረ በሄደ ቁጥር ትንፋሽም አብሮ ያጥራል። ከጅማ፣ ከወሎ፣ ከአፋር፣ ከሐረር የመጣን ልጆች ነን፤ ከቆላ የመጣ ፍሬሽ ተማሪ አዲስ አበባን ራሷን ገና ሳይለምድ ያን ሁሉ ከፍታ በአንድ ጠዋት ውጣ ስንለው ሁሉም እኩል አይችልም። እኛ ግን የቻልነው ሮጥን። የነበረንን አንድ አስጎብኚም ይዘን ሮጥን። ዙህርን ጫፍ ላይ በጀመዓ ሰገድን፣ ቴምርና ሳንቡሳ በላን፣ ፎቶ ተነሳን፣ ከዚያም «ሌሎቹ ደክሟቸው ከመንገድ ተመልሰው ይሆናል» ብለን በሌላ አቅጣጫ ወረድን። ማንም አልቆጠረም።

ሌሎቹ ግን አልተመለሱም ነበር። አምስት እህቶችና ሁለት ወንድሞች መንገዱ ሁለት ቦታ ሲከፈል የቱን እንደያዝን ሳያውቁ ቀርተው፣ የእኛን ድምፅ ፍለጋ የተሳሳተውን ይዘው ነበር። ስልክ አልሠራላቸውም። ያወጣቸው አንድ ከብት ጠባቂ ልጅ ነው፤ ከመካከላቸው አንዷ እህት በአፋን ኦሮሞ አነጋግራው እስከ መኪናው መንገድ ድረስ ሸኛቸው። ሲደርሱ መግሪብ ሊገባ ግማሽ ሰዓት ብቻ ቀርቶ ነበር። ዐስርን መኪናው አጠገብ እየተንቀጠቀጡ ሰገዱ። አልሐምዱሊላህ፣ የተጎዳ የለም።

ወሬው የተጀመረው ግን ከዚያ በኋላ ነው። ሰኞ ዕለት በዶርም ኮሪደር የተጠየቀው «ማን ጥሏቸው ሄደ?» የሚል አልነበረም። «እስከዚያ ሰዓት ከእነማን ጋር ነበሩ?» የሚል ነበር። ማክሰኞ ደግሞ «ከእንግዲህ እህቶች ባይሄዱስ?» የሚል ሐሳብ መጣ። ሐሳቡን ያመጡት ወንድሞች በጎ ኒያ እንዳላቸው አንጠራጠርም። ሆኖም ፍርዱ የተገለበጠ ነው። ጥፋቱን የሠራነው ከፊት የነበርነው ነን፤ ቅጣቱን እንዲቀበሉ የተፈለጉት ከኋላ የቀሩት ናቸው።

ይህ ነገር ለሙስሊም ጆሮ አዲስ ሊሆን አይገባም። ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡትን የኢፍክ ታሪክ ሁላችንም እናውቀዋለን። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ከዘመቻ መልስ የጠፋ የአንገት ጌጣቸውን ፍለጋ ሲዘገዩ፣ ሰዎቹ በግመሉ ጀርባ ባለው ድንኳን ውስጥ ያሉ መስሏቸው ጭነው ሄዱ። ባዶ መሆኑን ያየ አልነበረም። ከኋላ የመጣው ሰፍዋን (ረ.ዐ) አገኛቸው፣ ግመሉን አስተኝቶ አስቀመጣቸው፣ እሱ በእግሩ እየመራ ከሠራዊቱ ጋር አገናኛቸው። ከዚያ በኋላ ወሬ ያነሳው ማን ነበር? ሙናፊቆች ናቸው። ወሬውን እየተቀበሉ ያራገቡት ደግሞ ከአማኞቹም አንዳንዶቹ ነበሩ። አላህ (ሱ.ወ) ንጽሕናቸውን በሱረቱ ኑር ሲያወርድ፣ ሰዎች ገና ሲሰሙት ስለ ወገኖቻቸው በጎ አለማሰባቸውንም ወቀሰ። ሰባቱ ወንድምና እህቶቻችንን ከእናታችን ጋር እያስተካከልን አይደለም። ትምህርቱ ግን ለእኛ ነው። ጉዞ ላይ ሰው ወደኋላ ሲቀር የመጀመሪያው ግዴታ ማድረስ ነው፤ ሁለተኛው ግዴታ ምላስን መያዝ ነው። እኛ ሁለቱንም ጣልን።

አንዳንድ ወንድሞች «ተራራ ላይ ሁሉም በአቅሙ ይሄዳል፤ ደካማውን እየጠበቅን ጫፉ አይደረስም» ይላሉ። እውነት አለው። ግን ጥያቄው ለምን ወጣን ነው። ለስፖርት ብቻ ከሆነ ሦስት ጠንካራ ጓደኛሞች በራሳቸው ቅዳሜ መውጣት ይችላሉ፤ ማንም አይከለክላቸውም። ማኅበሩ በስሙ ሲጠራን፣ ለፍሬሾች «ኑ፣ ወንድምና እህቶቻችሁን ተዋወቁ» ብሎ ማስታወቂያ ሲለጥፍ፣ የጉዞው ዓላማ ጫፉ መሆኑ ያበቃል። ዓላማው አብሮ መሄዱ ነው።

ጃቢር (ረ.ዐ) የዘገቡትንና አቡ ዳውድ ያሰፈሩትን ሐዲስ እናስታውስ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በጉዞ ላይ ወደኋላ ይቀሩ ነበር፤ ደካማውን እየነዱ፣ እግረኛውን ከኋላቸው እያፈናጠጡ፣ ዱዓ እያደረጉላቸው። ራሳቸው ጃቢር ግመላቸው ደክሞ ወደኋላ ሲቀሩ ያገኟቸው፣ ያነጋገሯቸውና ግመላቸውን ያበረቱላቸው እሳቸው መሆናቸው በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። የሠራዊት መሪና የአላህ መልእክተኛ ናቸው፤ ቦታቸው ግን ከኋላ ነበር። በሶላትም እንዲሁ ነው። ሰዎችን የሚያሰግድ እንዲያቀል ያዘዙት ከኋላው ደካማ፣ ሕመምተኛና ጉዳይ ያለበት ስላለ ነው። በየቀኑ አምስት ጊዜ ከኢማማችን የምንጠብቀውን ርኅራኄ ተራራ ላይ ስንወጣ ለምን እንረሳዋለን?

እንግዲህ ምን እናድርግ? ጉዞው ይቅር የሚሉ አሉ። እኛ አይቅር እንላለን። ከክፍል፣ ከዶርምና ከካፌ ወጥቶ የአላህን ፍጥረት ማየት፣ ጉሬዛ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ሲዘል መመልከት፣ ሰሓቦች ሽቅብ ሲወጡ ተክቢራ ቁልቁል ሲወርዱ ተስቢሕ ይሉ እንደነበረው ማለት፣ ይህ ለተማሪ ልብ መድኃኒት ነው። ለእህቶቻችንም እንዲሁ ነው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ከዓኢሻ (ረ.ዐ) ጋር እሽቅድምድም መሮጣቸው በሐዲስ የተመዘገበ ነው። ቤተሰቧ የማይፈቅድላት ወይም ራሷ የማትፈልግ እህት ምርጫዋ ይከበር፤ ስለ ፊቅሁ ጥያቄ ያለው ኡስታዞቻችንን ይጠይቅ። የእኛን ስንፍና ግን የዲን ካባ አናልብሰው።

ስለዚህ ለአዲሱ የማኅበሩ ሹራ እነዚህን እናቀርባለን።

አንደኛ፣ ለጉዞ የወጡ ሦስት ሰዎች እንኳ አንዱን አሚር እንዲያደርጉ ታዘናል። ለአርባ ሰው ደግሞ አንድ አሚር አይበቃም። አንድ ከፊት፣ አንድ ከኋላ፣ ለእህቶች ደግሞ ከእህቶች መካከል አንዲት ኃላፊ ይኑሩ። የኋላው አሚር ከጉዞው ሁሉ ጠንካራው ሰው ይሁን። ማንም እሱን ቀድቶ ወደኋላ አይቅር፤ መንገድ በተከፈለ ቁጥር የፊቱ እሱ እስኪደርስ ይጠብቅ።

ሁለተኛ፣ እንቆጠር። መኪና ላይ ስንወጣ፣ መውጣት ስንጀምር፣ ሶላት ስንሰግድ፣ መውረድ ስንጀምር። ለስግደት ሰፍ ስናስተካክል ትከሻ ለትከሻ እንነካካለን፤ የጎደለውን ያን ጊዜ ማየት ያቅተናል?

ሦስተኛ፣ የመመለሻ ሰዓት ይወሰን። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ የትም ብንሆን እንመለሳለን ከተባለ፣ የትም ብንሆን እንመለስ። ዐስርንም ሳንጨነቅ እንሰግዳለን። ከቀራንዮ ሱባ ያለው መንገድ ብዙሃኑ ዑለሞች ሶላት ለማሳጠር ያስቀመጡትን ሰማንያ ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት አይሞላም፤ ስለዚህ «መንገደኛ ነን» ብለን መዘናጋት አይገባንም። ለውዱእ የሚሆን ውሃ በነፍስ ወከፍ ይያዝ፤ ለመጠጥ ያለው ለብቻው ይሁን።

አራተኛ፣ ሁለት መንገድ ከተፈለገ በግልጽ ሁለት ይሁን። አጭሩ በደኑ ውስጥ፣ ረጅሙ እስከ ጫፍ፤ ለየብቻው አስጎብኚና አሚር ይኑረው። አጭሩን የመረጠ ሰው «ያልቻለ» ተብሎ አይጠራ።

አምስተኛ፣ የአካባቢው ሰው ባለውለታችን ነው። ያን ልጅ ስሙን እንኳ ጠይቀን በደንብ አላመሰገንነውም። በሚቀጥለው ስንሄድ ቆሻሻችንን ይዘን እንመለስ፣ በእርሻ መካከል አንሂድ፣ በቋንቋው ሰላም ማለት የሚችል ሰው ከፊትም ከኋላም ይኑር።

ከዚህ በፊት ወጨጫን ከመድፈር ይልቅ በእንጦጦ ብንጀምር ደግሞ የተሻለ ይመስለናል። ከፍታው እዚያም ከ3000 ሜትር ያልፋል፤ ነገር ግን ቅርብ ነው፣ ወጪው ትንሽ ነው፣ በባሕር ዛፉ መካከል የደከመው ተመልሶ ታክሲ ሊይዝ ይችላል። አብሮ መሄድን እዚያ ተምረን ወደ ወጨጫ እንመለሳለን። ተራራው የትም አይሄድም።

በመጨረሻም፣ ለአምስቱ እህቶቻችንና ለሁለቱ ወንድሞቻችን፦ አፍ በሉን፣ ይቅር በሉን። ጥለናችሁ የሄድነው እኛ ነን። ስለ እናንተ የተባለውን ሰምተን ዝም ያልነውም እኛ ነን። ያን ፎቶ የለጠፈው ወንድም ከስሩ ያለውን «ጀመዓችን» የሚል ቃል እንዲያነሳው ጠይቀነዋል፤ እሱም ተስማምቷል። በሚቀጥለው ጉዞ ፎቶ የምንነሳው ጫፍ ላይ ሳይሆን ስንመለስ፣ መኪናው አጠገብ፣ ከተቆጠርን በኋላ ይሁን። ያን ጊዜ ቃሉን መልሰን እንጽፈዋለን፣ ኢንሻአላህ።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።