ስለ ገለባና ከተክል ስለሚሠራ ፕላስቲክ

በበቆጂና በአካባቢዋ ገብስና ስንዴ የሚያርስ ገበሬ፣ ማረሻው ከሚገለብጠው አፈር ጋር ፌስታል የሚባለውን የፕላስቲክ ከረጢት ማውጣቱ ዛሬ እንግዳ ነገር አይደለም። ይህ ከረጢት አይበሰብስም፤ ውሃ ወደ ሥር እንዳይሰርግ ይከለክላል፤ ላምም ብትውጠው በሆድዋ ተቋጥሮ ሊገድላት ይችላል። ስለዚህ በአዋጅ ቁጥር 513/1999 ውፍረቱ 0.03 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በታች የሆነው የማይበሰብስ ከረጢት እንዳይሠራና ከውጭ እንዳይገባ ተከለከለ፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ክልከላውን የሚያጠብቅ አዲስ አዋጅ አጸደቀ።

እንግዲህ አሮጌው ሲከለከል፣ በምትኩ «ከተክል የተሠራ ነው፤ ይበሰብሳል» የሚባል ዕቃ ወደ ገበያ መምጣቱ አይቀርም። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ የሸቀጥን ስም ግን የሚያወጣው ነጋዴው ነው። ስለዚህ ሹም የሆነ ሰው ስሙን ብቻ ሰምቶ ከመቀበሉ በፊት ሁለት ነገር ለይቶ ማወቅ ይገባዋል።

አንደኛው፣ ከተክል የተሠራ ሁሉ የሚበሰብስ አለመሆኑ ነው። ፎርድ የተባለው የአሜሪካ መኪና ሠሪ በ2002 ዓ.ም. ከመቶ 20 እጅ የስንዴ ገለባ ከፕላስቲክ ጋር ቀላቅሎ በመኪና ውስጥ የሚገባ የዕቃ ማኖሪያ ሠራ። ዕቃው ቀላልና ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን የቀረው ፕላስቲክ ስለ ሆነ አይበሰብስም። የዚህ ጥበብ ሐሳብ ለአርሲ ሰው አዲስ አይደለም፤ ጭቃ ከጭድ ጋር ተቦክቶ ግድግዳ ሲመረግ ጭዱ ጭቃውን እንዳይሰነጠቅ ይይዘዋል። ልዩነቱ የጭቃው ቤት ሲፈርስ ተመልሶ አፈር መሆኑ ነው።

ሁለተኛው፣ የሚበሰብሰውም ቢሆን በየስፍራው የሚበሰብስ አለመሆኑ ነው። ከበቆሎ ስኳር የሚሠራው ፖሊላክቲክ አሲድ የተባለው ፕላስቲክ ቶሎ የሚፈርሰው 60 ዲግሪ ያህል በሚሞቅና ርጥበት ባለው የብስባሽ ማዘጋጃ ውስጥ ነው። በቆጂ ግን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ደጋ ናት፤ በእንዲህ ያለ ብርዳም አፈር የተጣለ ከረጢት ብዙ ዓመት ሳይበሰብስ ሊቆይ ይችላል። ደግሞም መበጣጠስ መበስበስ አይደለም፤ ተበጣጥሶ ከዓይን የተሰወረ ፕላስቲክ ከማሳው አልወጣምና።

ስለዚህ ፈተናው በየወረዳው አፈር ላይ ቢደረግ ይሻላል። ይበሰብሳል የተባለው ዕቃ ተመዝኖ አንዱ ቁራጭ በፍግ ጉድጓድ፣ ሌላው በእርሻ መሬት ይቀበር፤ በአጠገቡም ለማነጻጸሪያ የቃጫ ገመድ ይቀበር፤ ክረምቱ ሲያልፍና ዓመት ሲሞላ በሽማግሌዎች ፊት ወጥቶ ዳግመኛ ይመዘን። ወጪው አንድ አካፋና አንድ ሚዛን ነው።

ስለ ገለባውም እንዲሁ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ኮምባይነር ካጨደ በኋላ በማሳው የሚቀረውን ገለባ እንደ ጥራጊ የሚቈጥሩት አሉ፤ ነገር ግን ገለባው በበጋ የከብት መኖ፣ ለአፈርም ምግብ ነው። ወደ ፊት ለፋብሪካ የሚገዛ ሰው ቢመጣ፣ የወረዳው ሹም አስቀድሞ የከብቱንና የአፈሩን ድርሻ ያስለይ፤ የተረፈው በሚዛን ይሸጥ፤ ዋጋውም ላረሰው ሰው ይድረስ። አለዚያ መሬቱን ከፕላስቲክ እናድናለን ሲባል መሬቱ ራሱ ይራባል።

ዕቃው ፈተናውን ካለፈ በደስታ ሊቀበሉት ይገባል። እስከዚያው ግን ዘንቢልና ቅርጫት ወደ ገበያ ቢመለሱ የሚያሳፍር አይደለም፤ እነርሱ በዚህ አፈር ከተፈተኑ ብዙ ዘመን ሆኖአቸዋል።