ለብለብ ከሚሆን ሚትቦል ጋግሩ

ፆም በተፈታ ሰሞን ደጋግሜ የምሰማው ነገር አለ፦ «ዶክተር፣ እኔ እኮ ጥሬ አልበላም፣ ለብለብ ብቻ ነው የምበላው።» ይህን የሚለኝ ሰው ብዙ ጊዜ ሰገራው ላይ ነጭ፣ ጠፍጣፋ፣ የሚንቀሳቀስ ነገር አይቶ ደንግጦ የመጣ ነው። የኮሶ ትል ነው።

እኔ ለብለብን የጥሬና የብስል አማካይ አድርጌ አላየውም። ሞቅ ያለ ጥሬ ነው፣ በቃ። ሚጥሚጣውም፣ ሎሚውም፣ ከላይ የሚወሰደው አረቄም በሥጋው ውስጥ ያለውን የኮሶ እጭ አይገድሉትም።

የተፈጨ ሥጋ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ያልተፈጨ ሙዳ ላይ ባክቴሪያው በአብዛኛው ያለው ከላይ ነው፤ እሳት ሲነካው ይሞታል። ሲፈጭ ግን የላዩ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ከማሽኑና ከቢላው የመጣውም አብሮ ይደባለቃል። ስለዚህ የተፈጨ የበሬ ሥጋ መሃሉ 71 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መድረስ አለበት። «ቀለሙ ቡናማ ሆኗል» ማለት ብቻውን አይበቃም፤ ሥጋ በደንብ ሳይበስልም ሊጠቁር ይችላል። ለነፍሰ ጡሮችና ለትንንሽ ልጆች ለብለብ በፍጹም አትስጡ። በእርግዝና ጊዜ ቶክሶፕላዝማ የሚባለው ጥገኛ ተሕዋስ ወደ ፅንሱ ሊተላለፍ ይችላል።

«ታዲያ ምን እንብላ?» ለምትሉኝ፣ ለእኔ ጥሩው መልስ በኦቨን የተጋገረ ሚትቦል በሽንኩርትና በአይብ ስጎ ነው። የክትፎና የአይብ ጥምረት ለምላሳችን አዲስ አይደለም፤ የሚጨመረው እሳት ብቻ ነው!

ግማሽ ኪሎ ቀይ የተፈጨ ሥጋ፣ አንድ እንቁላል፣ አንድ እፍኝ የደረቀ ዳቦ ፍርፋሪ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ትንሽ ኮረሪማ። በትንሿ ሎሚ መጠን ድቡልቡል አድርጋችሁ በ200 ዲግሪ ለ20 ደቂቃ ያህል ጋግሩ። ጥሬ ሥጋ የነካውን እጅና መክተፊያ ሰላጣ ከመንካታችሁ በፊት በሳሙና እጠቡ።

ለስጎው ሦስት አራት ራስ ሽንኩርት በደቃቁ ክተፉና እንደ ወጥ ያለ ዘይት አቁላሉት። ይህ የእናቶቻችን ዘዴ ለልብም ለኪስም ጥሩ ነው። ሲለሰልስ አንድ ማንኪያ ዘይት ጨምሩ። ከዚያ አንድ ሲኒ አይብ በትንሽ ወተት አሽታችሁ ጨምሩበት። የእኛ አይብ እንደ ፎርማጆ አይቀልጥም፣ ስለዚህ በደንብ ካልታሸ ፍርፍር ይላል። ስጎው ከተንተከተከ በኋላ ሚትቦሉን ከነጭማቂው ጨምራችሁ፣ ከድናችሁ ሌላ 10 ደቂቃ አብስሉት። ትልቁን ለሁለት ክፈሉት፤ መሃሉ ቀይ ከሆነ ይመለስ። የሥጋ ቴርሞሜትር ያላችሁ እሱን እመኑ።

ለምን ፎርማጆ አላልኩም? በጨው ምክንያት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች ጨው ይመክራል፤ አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም። የታሸገ ፎርማጆና የሾርባ ማጣፈጫ ኪዩብ አንድ ላይ ሲገቡ ድርሻችሁ ምሳ ላይ ሊያልቅ ይችላል። የእኛ አይብ በተለምዶ ጨው አይገባበትም፣ ከአሬራ ስለሚሠራም ቅባቱ አነስተኛ ነው። ደም ግፊት ያለባችሁ ኪዩቡን ርሱት፤ ሽንኩርቱ ከበሰለ ጣዕሙ ይበቃል።

ኦቨን የለንም የምትሉ፣ ድቡልቡሉን በመጥበሻ ዙሪያውን ጠበስ አድርጉና የተንተከተከው ስጎ ውስጥ ከድናችሁ ለ25 ደቂቃ ያህል በመለስተኛ እሳት አብስሉት። የተረፈውን በሁለት ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ አስገቡ፤ በማግስቱም እስኪንተከተክ አሙቁት።